ከቆሰበር እስከ ዳንግላ ያልተቆለፈው መንገድ

እኔ ስናደድ ምላሴ ይቀድመኛል፤ ይህን ቆሰበር ያለ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዓርብ ጠዋት ግን አቶ ይሄነው ቢሮ ቆሜ ምላሴ ተሳሰረ። ፀደይ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትጠመዝዛለች። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይሄነው ደግሞ ዓይኗን ሳያዩ፣ "ከፈረሰኞቹ በዓል ማግሥት ስንብትሽን ትወስጃለሽ" አሏት።

ፀደይ የመሰንበቻ ላቦራቶሪ የዳንግላ ቅርንጫፍ ባለሙያ ናት። ደም የምትቀዳውም፣ የምትመረምረውም፣ ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባውም እሷ ብቻ ናት። አንዲት የጥሊሊ ልጅ ለሠርጓ ብላ ዳንግላ ሄዳ ተመረመረች። ደሟ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ልጅቷ ውጤቷን ሰምታ ቤቷ ሳትደርስ፣ አዲስ ቅዳም ያሉት የእጮኛዋ ዘመዶች ቀድመው ሰምተው ሠርጉን አፈረሱት። በሳምንቱ አገር ጥላ ጠፋች። የት እንደገባች እናቷም አታውቅ።

"አቶ ይሄነው፣ በልጄ እምላለሁ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም" አለች ፀደይ።

"ታዲያ ማን ተናገረ? ግድግዳው?"

"መንገዱ ነው የተናገረው!" አልሁ። ይኸው፣ ምላሴ ተፈታ።

አቶ ይሄነው ተነፈሱ። "ውቢት፣ ደግሞ ልትጀምሪ ነው?"

አዎ፣ ልጀምር ነው። ውቢት እባላለሁ፤ የላቦራቶሪው ኔትወርክ በእኔ እጅ ነው። ሐኪሙም ታካሚውም ውጤት ለማየት ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ማሽን ቆሰበር፣ ከእኛ ቢሮ ጓዳ ያለው ነው። ባለሙያዎች ሎድ ባላንሰር ይሉታል። እኔ ተራ አስከባሪ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥራው መናኸሪያ ቆሞ "አንተ በዚህኛው፣ አንቺ በዚያኛው" እያለ ተሳፋሪ እንደሚያከፋፍለው ሰውዬ ነው። የመጣውን ሁሉ ይቀበልና ዳንግላ ካሉት ሁለት ሰርቨሮች ፋታ ላለው ይሰጣል። የሰው ሁሉ ምስጢር የተቀመጠው ዳንግላ፣ እነዚያ ሰርቨሮች ውስጥ ነው።

አቶ ይሄነው ስልካቸውን አውጥተው፣ ከድረ ገጻችን አድራሻ አጠገብ ያለችውን የቁልፍ ምስል አሳዩኝ። "ይኸው ቁልፉ! አረንጓዴ ነው። ራስሽ አይደለሽ የገጠምሽው?"

"እሱ ቁልፍ እስከ ቆሰበር ድረስ ነው! ተራ አስከባሪው የታሸገውን ፖስታ ይከፍተዋል። አንብቦ ወዴት እንደሚልከው ይወስናል። ከዚያ ወደ ዳንግላ ሲልከው ግን መልሶ አያሽገውም። ራቁቱን ነው የሚሄደው። አምና 'ይህንንም እንቆልፈው' ብዬ ስጨቀጭቅዎ ምን አሉኝ?"

ያሉትን ያስታውሳሉ። "ውስጥ ለውስጥ ነው፤ የራሱን ጓዳ ከራሱ ልጆች ማን ይቆልፋል?" ነበር ያሉኝ።

"ጓዳዎ አዲስ ቅዳም ላይ በሰው ጣሪያ ያልፋል" አልኋቸው። ውጤቱን የሚያመላልሰው የሬዲዮ ሞገድ ከቆሰበር ተነሥቶ ዳንግላን በቀጥታ ስለማያገኛት፣ መሐል ላይ አዲስ ቅዳም አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ዲሽና ሳጥን ሰቅለናል። ከሥሩ ኢንተርኔት ካፌ አለ። የካፌው ባለቤት አበረ ይባላል፤ የአቶ ይሄነው ባለቤት ወንድም ነው።

አቶ ይሄነው ፊታቸው ተለወጠ። "የሚስቴን ወንድም ሌባ ልታደርጊው ነው? ማስረጃ አለሽ? ከሌለሽ አፍሽን ሰብስቢ። ፀደይ፣ የኮምፒውተር መግቢያሽ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል።"

ፀደይ ከቢሮው ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "ውቢትዬ፣ ደብዳቤው አይደለም የሚያስፈራኝ። በዚህ ስም ከወጣሁ ደም እንድቀዳ የምትቀጥረኝ አገር የለችም። የሰው ጉድ ዘርጋፊ ተብዬ ልጄን የት አሳድጋለሁ?" አለችኝ። "ቆይ ብቻ" አልኋትና ወደ መናኸሪያ ሄድሁ።

ዓለምነው ሚኒባሱን ተራ አስይዞ ቆሟል። እጮኛዬ ነው፤ ሠርጋችን ለየካቲት ተቆርጧል። እንደ ልማዱ ጋቢናውን ጃኬቱን ጥሎ ይዞልኛል። ይህ ጃኬት በመናኸሪያው የታወቀ ነው፤ ረዳቱ "ቦታው የመንግሥት ነው!" እያለ ተሳፋሪውን ያስቃል። እኔ ግን ያን ቀን መሣቅ አልቻልሁም።

"ማን አስቀየመሽ?" አለኝ።

"ንዳ ዝም ብለህ። አዲስ ቅዳም አውርደኝ።"

"እሺ እመቤት" አለና ነዳ። ደግ ሰው ነው፤ እንዲህ ስሆን ዝም ማለት ያውቃል።

አዲስ ቅዳም ደርሼ በጀርባ መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ዲሹ ደህና ነው። ሳጥኑን ስከፍተው ግን እኔ ያልሰካሁት አንድ ነጭ ገመድ ከውስጡ ወጥቶ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ዞሮ፣ በካፌው መስኮት ይገባል። ወርጄ ካፌው ገባሁ።

"ውቢትዬ! ምነው በድንገት?" አለ አበረ ከወንበሩ እየተነሣ።

"ይሄ ገመድ ምንድን ነው?"

"እሱማ መብራት ሲሄድ ዲሻችሁ መሥራቱን እንዳይ ብዬ ነው እንጂ! ለእናንተው አስቤ!"

ያን ጊዜ ነው አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ያየሁት። ሁለት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ኮምፒውተሮቹን ጎሸም እንዳያደርጉ ሰብሰብ ብለው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ካፌ ምን ሊሠሩ መጡ ብዬ ሳስብ፣ አንደኛው ወደ አበረ ዘወር ብሎ፣ "ልጄ፣ የኛንም ነገር አጣራህልን?" አለው።

አበረ ሳል ያዘው። "እሱን… እሱን ነገ በገበያው ብቅ በሉ፣ አባባ።"

በአገራችን ልጅ ከመዳሩ በፊት ይጣራል። ዘሩ ይቆጠራል፣ ጠባዩ ይጠየቃል፣ ጤናው ይሰለላል፤ ይህ የአባት ነው። አሁን ገባኝ። አበረ የአገሩ አጣሪ ሆኗል! ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በነጭ ገመዱ የሚያልፈውን የሰው ደም እያነበበ ይነግራቸዋል። ገመዱን ነቅዬ አንገቱ ላይ ልጠመጥመው እጄ በላኝ። ግን ብነቅለው ምን አገኛለሁ? "ለእናንተው አስቤ" ይላል፤ አማቹም "እሰይ የኔ አሳቢ" ይሉታል። "እግዜር ይስጥህ አበረ" ብዬ ወጣሁ፤ ያችን ቃል ለማውጣት ምጥ ነበር የያዘኝ።

ሌላ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ገባሁ። ፀደይ ስለታገደች ቅርንጫፉ ዝግ ነው፤ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ፦ መንገዱን ዛሬውኑ መቆለፍ። ተራ አስከባሪው ወደ ዳንግላ የሚልከውን ሁሉ አሽጎ እንዲልክ፣ የዳንግላ ሰርቨር ብቻ እንዲከፍተው ማድረግ። ለዚህ ሰርቨሩ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። ሰርተፍኬት ማለት መታወቂያው ነው፤ ተራ አስከባሪው ፖስታውን ከመስጠቱ በፊት "አንተ በእርግጥ የዳንግላው ነህ?" ብሎ ያያል። ሰርተፍኬቱን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሠራሁ። ቆሰበር ላለው ተራ አስከባሪ አስተዋወቅሁት። "ከእንግዲህ ሳታሽግ እንዳትልክ" ብዬ አዘዝሁት።

ሲስተሙ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ አቶ ይሄነው ናቸው። "ምንድን ነው የምትሠሪው? ሐኪሞቹ ውጤት አልገባ አለን እያሉ ነው! የአንዲት እናት ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ የትናንት ደሙ ውጤት እየተጠበቀ ነው!"

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።"

"ትንሽ የለም! የነካካሽውን መልሺ!"

ስልኩን ዘግቼ የተራ አስከባሪውን መልስ አነበብሁ። "የዳንግላው ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበታል፤ አላስተላልፍም" ይላል። ምን ማለት ነው? አሁን የሠራሁት! ገና ያልደረቀ! ደግሜ ሠራሁት። "ጊዜው አልፎበታል።" ያን ልጅ አስባለሁ፤ የተኛውን።

መውጫ ቀዳዳ ነበረች። "መታወቂያ አትጠይቅ" ብዬ አንዲት መስመር ብጽፍ ሁሉም ወዲያው ይሠራል። ፖስታው ይታሸጋል፣ ቁልፉ ይታያል፣ አቶ ይሄነውም ይስቃሉ። ግን መታወቂያ የማይጠይቅ ተራ አስከባሪ፣ መሐል መንገድ ላይ አበረ "የዳንግላው እኔ ነኝ" ቢለው ፖስታውን ለእሱ አሽጎ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ይቅርብኝ! ጣቴን ከፊደሉ ላይ አነሣሁ። መጀመሪያ መንገዱን እንደ ድሮው ከፍቼ ለሐኪሞቹ ውጤቱ እንዲያልፍ አደረግሁ፤ ልጁ መሞት የለበትም። ከዚያ ፀደይ ጋ ደወልሁ።

"ፀደይ፣ እነዚህን ሰርቨሮች ማን ነክቷቸዋል? ምንም ይሁን፣ ንገሪኝ።"

"እኔ ምን እነካለሁ? ቀኑን ከማስተካከል በቀር…"

"የምን ቀን?"

"ውጤቱ ሲታተም የፈረንጅ ቀን እያወጣ ሰው ግራ ተጋባ። 'የሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ውጤት ነው የሰጣችሁኝ፣ እኔ እስከዚያ መኖሬን ማን ያውቃል?' ያሉኝ አዛውንት አሉ። አቶ ይሄነው 'በኛው አድርጊው' አሉኝ፤ አደረግሁት። ሰዓቱንም እንዲሁ።"

የሰርቨሩን ቀን አየሁት። ጥር 2008! ሰዓቱም በእኛው ከጠዋቱ ጀምሮ የሚቆጠረው። ዳንግላ ላይ በሁለት ሺህ ስምንት የሠራሁት የአንድ ዓመት መታወቂያ፣ የፈረንጁን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ለሚቆጥረው ለቆሰበሩ ተራ አስከባሪ ድሮ ያረጀ ነው። "ወይ ጉድ! ወይ ጉድ ፀደይ!" እያልሁ ብቻዬን ሳቅሁ። እሷም ምን እንዳሳቀኝ ሳይገባት ሳቀች፤ ያን ዕለት የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

የማሽኑን ቀን ወደ ፈረንጁ መለስሁ። ወረቀት ላይ የሚታተመው ብቻ በእኛው ቀን እንዲወጣ ሌላ ትንሽ ትእዛዝ ጻፍሁ። ሰርተፍኬቱን እንደገና ሠራሁ፣ ቆለፍሁ፣ ሞከርሁ። አለፈ። በመሐል የሚያልፈውን አየሁት፦ ከላይ እስከ ታች ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ነው። አበረ በነጭ ገመዱ ከእንግዲህ ይህንኑ ያንብብ!

ወንበሩ ላይ ዘና ብዬ ልቀመጥ ስል አንድ ሐሳብ መጥቶ ወገቤን ቆረጠው። ፀደይ በበዓሉ ማግሥት ትባረራለች። ከዚያ በኋላ ወሬ አይወጣም፤ መንገዱ ተቆልፏልና። አቶ ይሄነውም፣ አገሩም ምን ይላል? "አያችሁ? እሷ ስትሄድ ወሬው ቆመ።" እኔው በገዛ እጄ በፀደይ ላይ መሰከርሁባት! ቁልፉ የነገውን ይዘጋል እንጂ ትናንት ማን እንደሰረቀ አይናገርም። ማስረጃ ካስፈለገ ሌባው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ መስረቅ አለበት።

ታዲያ የማንን ስም ልላክለት? የሌለ ሰው ስም ብልክ ማን ያማዋል? የሌላ ሰው ስም ብልክ እኔስ ከአበረ በምን ተሻልሁ? እየመሸ ወደ ቆሰበር ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ አወጣሁ አወረድሁ። የቀረችው አንዲት ስም ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ ቅዳም ገበያ በቆመበት ሰዓት፣ ቆሰበር ቢሮዬ ገባሁ። የሌላውን ሰው ሁሉ እንደተቆለፈ ትቼ አንዲት መስመር ብቻ በክፍቱ መንገድ እንድትሄድ አደረግሁ። የራሴን ስም ጻፍሁ። የምርመራው ውጤት ላይ የጥሊሊዋን ልጅ አገር ያስጣላትን ያንኑ ቃል ጻፍሁ። ከሥሩ ደግሞ ማንም በግምት ሊደርስበት የማይችል አንድ ነገር ጨመርሁ፦ "ለተጨማሪ ሕክምና ወደ ደብረ ማርቆስ ይላኩ።" ለፀደይ አልነገርኋት። ለዓለምነውም አልነገርሁትም፤ ለእሱ የነገርሁት ለእናቱ ይደርሳል፣ ሰውም ማስመሰሉን ከፊቱ ያውቅበታል። እንዲህ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርሁት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ብነግረው "ተይ" ይለኛል ብዬ ነው የፈራሁት።

ላክሁት። ዳንግላ መድረሱን አይቼ ወዲያው ከሰርቨሩ አጠፋሁት። ከእኔና በመሐል ከሚያነብ ሰው በቀር ያን ቃል ያየ የለም።

ሰኞ ጥር ሃያ ሦስት ነው፤ ጊዮርጊስ። ከጥሊሊም፣ ከግምጃ ቤትም፣ ከሁሉም የመጣ ፈረሰኛ ሜዳውን ሞልቶታል። ፈረሱ መረሻት በሚባለው የበዓል ጌጡ አጊጦ፣ አቧራው ተነሥቶ፣ እልልታው ቀልጧል። ዓለምነው በአባቱ ፈረስ ሲጋልብ አየሁት፤ ሲያልፍ ወደ እኔ አላየም። አቧራው ነው አልሁ ለራሴ።

እናቱ እትዬ ልክየለሽ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ልስማቸው ስል እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። ለሁሉ ጠላ በብርጭቆ ሲቀዳ፣ ለእኔ ቀጂዋ የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ አመጣችልኝ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤታችን ስሜነሽ ልጇን ከጉልበቴ ላይ ቀስ ብላ አነሣችው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ክፉ ቃል ቢናገሩኝ እመልስ ነበር፤ ለኩባያ ምን ይመለሳል? የጥሊሊዋ ልጅ ለምን አገር ጥላ እንደሄደች ያን ጊዜ በአጥንቴ ገባኝ።

ዓለምነው ከፈረሱ ወርዶ መጣ። ልጓሙን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደብረ ማርቆስ መቼ ነው የምትሄጅው?" አለኝ።

እልል ማለት አማረኝ፤ እንባዬም መጣ፤ ሁለቱ አንድ ላይ።

"ማን ነገረህ?"

"ለምን አንቺ አልነገርሽኝም?"

ወደ እንግዶቹ ዳስ ገስግሼ አቶ ይሄነውን ከሰው መሐል እጃቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። እትዬ ልክየለሽ ፊት አቆምኋቸው።

"እትዬ ልክየለሽ፣ በጊዮርጊስ ይሁንብዎ፤ እኔ ደብረ ማርቆስ እንደምላክ ማን ነገረዎ?"

ሴትዮዋ መጀመሪያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በኋላ ተቆጡ። "ምን ነውር አለው? ልጄ ነው፤ ሳላጣራ ልስጥ? አበረ ነው የነገረኝ። ከሠርጉ በፊት እይልኝ ብየው ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጠርቶ ነገረኝ።"

"አቶ ይሄነው፣ ሰምተዋል?" አልሁ። "ያን ቃል ቅዳሜ ጠዋት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ዳንግላ ማንም አልነበረም። የፀደይን መግቢያ እርስዎ ራስዎ ዓርብ ዕለት ዘግተውታል። ከቆሰበር ተነሥቶ ዳንግላ እንደደረሰ አጥፍቼዋለሁ። ያለፈው በሚስትዎ ወንድም ጣሪያ ብቻ ነው!"

አቶ ይሄነው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ፀደይ ትመለስ" አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። "ገመዱንም… ዛሬ አስነቅለዋለሁ።" እውነቱን ለመናገር ቃላቸውን ጠበቁ፤ ባለቤታቸው እስከ ፋሲካ አላነጋገሯቸውም ይባላል።

እትዬ ልክየለሽ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ውሸት ከሆነ እሰየው! ወረቀቱን አምጪና ለሰዉ አሳዪ። እሳት ከሌለ ጭስ የለም ይላላ፣ ሰው።"

ፀደይ ሥራዋ እንደተመለሰች የመጀመሪያዋ ታካሚ እኔ ሆንሁ። ዳንግላ ሄድሁና ደሜን ቀዳችኝ። ቆሰበር ተመልሼ ውጤቱን ጠበቅሁ። ተራ አስከባሪው ከዳንግላ የመጣውን ተቀበለ፤ መታወቂያ ጠየቀ፤ አለፈ። ወዲያው ፀደይ ደወለች፤ ታለቅሳለች። "ነጻ ነሽ! ውቢትዬ፣ ነጻ ነሽ! በቃ ነገ ገበያ መሐል ቆሜ አነበዋለሁ!"

ስክሪኑን አየሁት። በአዲስ ቅዳም ጣሪያ ያለፈው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። ውሸቱ በክፍት መንገድ ሄዶ አገር አዳረሰ። እውነቱ ደግሞ ይኸው፣ እኔው በሠራሁት ቁልፍ ተቆልፎ መጣ፤ አንድም ሰው አልሰማውም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። እንዲህም አለ እንዴ!

"ተይው ፀደይ። አታነቢም።"

"አብደሻል? ስምሽ ጠፍቶ?"

"የእኔን ካነበብን፣ ነገ የጥሊሊዋን ልጅ 'አንቺም አንብቢ' ይሏታል። እሷ ምን ታንብብ? ላላነበበ ሁሉ 'አለበት' ሊባል ነው? ቤተ ክርስቲያን ለሠርግ የምትጠይቀውን ወረቀት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ እሰጣለሁ። ለጎረቤት አልዘረጋም።"

ፀደይም፣ "ዓለምነውስ?" አለችኝ።

ዓለምነው ማታ በሬ ድረስ መጣ። አልገባም። "ወረቀቱን ስጪኝና አፋቸውን ልዝጋው" አለ። ለፀደይ ያልኋትን ለእሱም አልሁት። የጥሊሊዋን ልጅ አነሣሁበት። ኩባያውን ነገርሁት። "ካመንኸኝ ወረቀት አያሻህም፤ እኔ አለሁ። ካላመንኸኝም ወረቀት አያሳምንህ" አልሁት። እኔ ስናደድ ምላሴ ይቀድመኛል ብያለሁ። ፊቱ ጠቆረ። "ያኔ ሳትነግሪኝ፣ አሁን ደግሞ ሳታሳዪኝ!" ብሎ ሄደ። እሱም እውነት አለው። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ጠዋት ለሥራ ወደ ዳንግላ መሄድ ነበረብኝ። መናኸሪያ ስገባ ወሬው ቆመ። ባጃጅ ላይ የተደገፉት ሾፌሮች፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት፣ ሁሉም አየኝ። ተራ አስከባሪው፣ የእውነተኛው ሰውዬ፣ እንደ ወትሮው "ውቢት፣ በዚህ!" ብሎ አልጠራኝም፤ ወረቀቱን ያገላብጣል። ወረፋው ላይ የቆመው የዓለምነው ሚኒባስ ነው። ከኋላው ሌላ ነበር። በዚያኛው ልሂድ ብዬ እግሬን አነሣሁ፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ተሸክሜ ከኋላ ወንበር ተደብቄ ልቀመጥ ነው? አልሁና ተመለስሁ።

የጋቢናውን በር ከፈትሁት። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው።

ዓለምነው ወደ ፊት እያየ መሪውን ይዟል። "እናቴ ወረቀት ካልመጣ ሠርጉ ላይ አልገኝም ትላለች" አለ።

"አንተስ?"

ሰው ሁሉ ያያል። ረዳቱ እንኳ ያን ቀልዱን አላነሣም። ዓለምነው ጃኬቱን አነሣና ጉልበቱ ላይ አደረገው።

"ግቢ" አለ። "ተራዬ ሊያልፍ ነው።"

ገባሁና በሩን ሳብሁት። ለቤተ ክርስቲያን ያተምሁት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እስከ ዳንግላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወጣሁትም።